ስሙ ያልተጠራ ተከላካይ

ፖርት ሃርመን፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1972

ውድ እህቴ ስቴፋ፣

መልስ ሳልሰድ ይህን ያህል በመቆየቴ መጀመሪያ ይቅርታሽን እለምናለሁ። አንቺም፣ አባታችን ታቶም፣ ላሞቹም እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጥርሴ ለጠየቅሽኝ፤ አዎ፣ የሄዱት የፊት ሁለቱ ናቸው። አያምም። ሴት እንዳትሸሸኝም አትስጊ፤ ሙሉ ጥርስ እያለኝም አልመጣችም። ማርሴል፣ በበረዶ ሆኪው ከጎኔ የሚከላከለው የኬቤኩ ሰው፣ «ድሮም ስትስቅ አታምር፤ ምን ጎደለብህ?» ብሎኛል። በየሆቴሉ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ስላደርን እንደ ባልና ሚስት ነው የምንነታረከው።

«በሠላሳ አንድ ዓመትህ አይበቃህም ወይ?» ብለሽኛል። ትልቁ ሊግ አራት ጨዋታ አጫውቶ እንደመለሰኝ አንቺም ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ከዚህኛው ትንሽ ከተማ ወደዚያኛው ነው ኑሮዬ። ዘንድሮ ግን አሰልጣኙ ውጤት ለማስጠበቅ ሲፈልግ የሚያስገባው እኔንና ማርሴልን ነው። ይህን ለታቶ ንገሪያቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

እሳቸውማ በዓይናቸው አንድም ትልቅ ጨዋታ ሳያዩ፣ በሬዲዮ ብቻ ሆኪን ከአሰልጣኞቼ በላይ ያወቁ ሰው ናቸው። ባለፈው ወር የላኩልኝ ምክር ደርሶኛል፤ «ሰሞኑን ስምህን አበዙት፤ ምን ሆነሃል?» ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ተሸውጄ ነበር። ተከላካይ ስሙ ከተጠራ ወይ አጥፍቷል ወይ ተቀጥቷል፤ ሥራውን በደንብ ከሠራ ማንም አያነሳውም የሚለው ትምህርታቸው ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ አለ። አሻሽላለሁ በያቸው።

ወንድምሽ ዳንኮ


ዘሌና፣ ጃኑዋሪ 19 ቀን 1973

ወንድሜ ዳንኮ፣

የገና ስጦታህ በደህና ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። «ሹራቡ ልኩ ሆነ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ታቶን ሰፋቸው። ለካስ ሹራቡ ልክ ነው፤ ያነሱት እሳቸው ናቸው።

ሳስካቱን ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኳቸው። የጨጓራ ነቀርሳ ነው። ከፍተው አዩትና መልሰው ሰፉት። ሐኪሙ እኔን ኮሪደር ላይ አቁሞ «እስከ በጋ ካደረሳቸው ጥሩ ነው» አለኝ። ለታቶ ምንም አልነገርኳቸውም፤ ገብቷቸዋል። በመኪና ስንመለስ ከተማውን እንደወጣን «ዳንኮ ጥሎ ማለፉን ሳይጨርስ እንዳይሰማ» አሉኝ። 

ለምን እንደዚያ እንዳሉ ይገባሃል። እማማ ያረፈች ጊዜ ጥሎ ማለፉን መሐል ላይ ትተህ መጣህ፤ ስትመለስ ቦታህን ሌላ ይዞት ጠበቀህ፤ በበጋው ለሌላ ቡድን ሰጡህ። ታቶ እስከ ዛሬ ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ነው የያዙት። «እናቱን ሊቀብር መጥቶ ሥራውን ቀበረ» እያሉ ይቆጫሉ። የጠራሁህ እኔ እንደነበርኩ ብነግራቸውም አይሰሙኝም።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። መስመሩን አሁንም ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ነው የምንካፈለው። ወይዘሮ ፖሊና ስልክ በጮኸ ቁጥር ታነሳለች፤ አስማዋን ሳይቀር እሰማዋለሁ። እሷ ያወቀችው ነገር ደግሞ ለታቶ በማግስቱ ይደርሳል።

ና አላልኩህም። አትምጣም አላልኩህም። ከአንተ መደበቅ ስላቃተኝ ብቻ ነው። በደብዳቤ እንዲህ ያለ ነገር ስለሰማህ ይቅር በለኝ።

እህትህ ስቴፋ


ፖርት ሃርመን፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1973

ስቴፋዬ፣

ደብዳቤሽን ካገኘሁ ወር አልፎኛል፤ ዝም በማለቴ ጨክኗል ብለሽ እንዳታዝኚብኝ። መልሱን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር። አሁን ደግሞ መስመሩ ከተጣመመብሽ በአንድ ዓይን ስለምጽፍ ነው።

በጨዋታ ላይ አይደለም፤ በልምምድ ነው። ማርሴል የመጫወቻዋን ጎማ ከሩቅ መታት፤ እኔ እንደ ልማዴ ጎማዋ ፊት ተጎነበስኩ። የተከላካይ ሥራው ይኸው ነው፤ ጎማዋ ጎሉ ከመግባቷ በፊት እሱን ትምታው ነው። በልምምድ ማንም አላዘዘኝም ነበር፤ ሰውነቴ ነው የለመደው። ግራ ዓይኔ ላይ አረፈች። ሐኪሙ ብርሃንና ጨለማን ይለይልሃል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቅ ብሎኛል። ለሆኪማ አልቋል፤ አሰልጣኙም ዓይን ዓይኔን ማየት ፈርቶ ግድግዳውን እያየ ነው ያጽናናኝ።

አሁን የተከራየሁበት ቤት ነኝ። አከራዬ ሚስስ ኬለር መጋረጃውን ዘግታልኛለች። ማርሴል በየቀኑ ሾርባ ይዞ ይመጣል፤ ቁጭ ብሎ አንድ ቃል ሳይናገር ይሄዳል። ያ ለፍላፊ ሰውዬ። «ጎማዋ ፊት የቆምኩት እኔ፤ አንተ ምን አደረግክ?» ስለው ተነስቶ ወጣ።

ስለዚህ ልምጣ? ሐኪሙ መንገድ አልከለከለኝም፤ ነገ ብትይኝ ነገ እነሳለሁ። ታቶን ማየት እፈልጋለሁ፤ ስቴፋ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። የምፈራው አንድ ነገር ነው። በውድድር መሐል ከደጃፍ ላይ ካዩኝ ሁሉም ነገር ይገባቸዋል። ፊቴ ደግሞ የሚደበቅ አይደለም። ይህን ሥራ ያስጀመሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ውርጭ ላይ ቆመው በባልዲ ውኃ እያፈሰሱ የበረዶ ሜዳ የሠሩልኝ። በነቀርሳው ላይ ይህን ልጨምርላቸው?

እስክትጽፊልኝ ለታቶ ምንም አትንገሪ።

ዳንኮ


ዘሌና፣ ማርች 6 ቀን 1973

ወንድም ዓለም፣

ደብዳቤህን ላሞች በረት ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ ቤት ውስጥ ማልቀስ ስለማልችል። የዓይንህን ነገር እያሰብኩ ሌላ ሥራ መሥራት አቅቶኛል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ የኔን አንዱን ብሰጥህ ደስ ባለኝ።

ልምጣ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። መጀመሪያ ታቶ ስለ አንተ የሚሰሙትን ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ አንተው ትወስናለህ።

ሬዲዮው ድፍን ብሎ ካልጨለመ አይገባም። እዚህ ሲጨልም ደግሞ እናንተ ጋ ጨዋታው ተጋምሷል። የተሰላፊ ስም ሲጠራ ሰምተን አናውቅም፤ የሚደርሰን መጨረሻው ነው። ታቶ አልጋቸውን ወደ ሬዲዮው አስጠግተን ትራስ ደግፈንላቸው ይሰማሉ። ጎረቤታችን ኦሌክሳም ሳይጠሩት ይመጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታው ሲያልቅ ኦሌክሳ «ይሄ ልጅህ ይጫወታል ወይስ ተኝቷል? ሦስት ጨዋታ ሙሉ ስሙን አልሰማሁም» አላቸው።

እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ።

ታቶ ሳቁበት። «አንተ አርባ ዓመት ሬዲዮ ሰምተህ አንድ ነገር ያልገባህ ሰው ነህ። የማርሴልን ስም ሰማህ? ሰማህ። ለምን? ተሸወደ። ሌላው ተቀጣ። የኔ ልጅ ግን ስሙ የለም። ያለበት ቦታ ማንም አያልፍማ። አሁን ገና ተከላካይ ሆነ!» አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው ሾርባ ጠየቁኝ። በራሳቸው አፍ ምግብ ከጠየቁ ስንት ጊዜያቸው።

ዳንኮ፣ ያ ዝምታ ነው የሚያኖራቸው። ጨዋታ ባለበት ቀን ይላጫሉ። ጨዋታ በሌለበት ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ፣ ለአባ ኢግናትም ሳይቀር፣ ዘንድሮ ስምህ እንደማይጠራ ያወራሉ። አባ ኢግናት ስለ ኑዛዜ ሊያነሱባቸው መጥተው ስለ ሆኪ ተምረው ነው የሄዱት።

«ና» ብዬ ጽፌ ቀደድኩት። «አትምጣ» ብዬም ጽፌ ቀደድኩት። እንዲህ ያለውን ሸክም ባንተ ላይ ስጥል አፍራለሁ፤ እኔ ግን ልወስን አልቻልኩም።

ስቴፋ


ፖርት ሃርመን፣ ማርች 14 ቀን 1973

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ለማርሴል አነበብኩለት። «ተሸወደ» የሚለው ጋ ስደርስ «ሽማግሌው ልክ ናቸው» አለና ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። እኔም እንደዚያው።

አስቢው እስቲ። አሥራ አንድ ዓመት ስደበደብ ኖሬ፣ በሕይወቴ ምርጡን ጨዋታ የተጫወትኩት ሚስስ ኬለር ቤት አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው። ታቶ እንደዚህ አመስግነውኝ አያውቁም። ይህን ሁሉ ዓመት የፈለግኩትን ቃል አሁን አገኘሁት፤ የኔ ግን አይደለም።

ወስኛለሁ። የኛ ቡድን ጥሎ ማለፉን የሚገባው እንደምንም ተንጠላጥሎ ነው። መጀመሪያ የሚደርሰንም የሊጉ አንደኛ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ አንቆይም፤ ማርሴል ራሱ ለዕረፍቱ የዓሣ መንጠቆውን እየወለወለ ነው። እንደተሸነፍን፣ ሌላው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ እኔም እንደ ሰው ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እመጣለሁ። ዓይኔን በመጨረሻው ጨዋታ ተመታሁ እላቸዋለሁ። የሰሙት ሁሉ የሳቸው እንደሆነ ይቅር። ከዚያ እስከ በጋ አጠገባቸው ነኝ። እንደ ድሮው ጺማቸውን እኔ እላጫቸዋለሁ፤ አንቺ ትቆርጫቸዋለሽ አሉ።

ሁለት ሳምንት ነው፤ ሐኪሙ በጋ ብሎ የለ?

ዳንኮ


ዘሌና፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1973

ዳንኮ፣

እንደምን አለህ? ዓይንህ ያፈሳል ወይ? ለጥያቄህ ቶሎ ባለመመለሴ አትቀየመኝ፤ መንገዱን በረዶው ሲቀልጥ ውኃ ወስዶት ፖስታ ቆሞ ነበር።

አሸነፋችሁ። የሊጉን አንደኛ አሸነፋችሁ። ቤታችን የደስታ ቤት ሆኖልሃል። ኦሌክሳ ቆቡን ወርውሮ አምፖል ሰበረ። ሰው ሁሉ እየመጣ ታቶን ይጨብጣል፤ እሳቸውም ከአልጋቸው ሆነው እንደ ሙሽራ አባት እጅ ይቀበላሉ። እኔ ዳቦ እየቆረስኩ አቀርባለሁ፤ እያንዳንዱን «እንኳን ደስ ያላችሁ» እውጠዋለሁ።

የጤናቸውን ጠይቀሃል። ምግብ ትተዋል። ከሾርባም ውኃውን ብቻ ነው። «ጾም አይደል እንዴ» እያሉ ያታልሉኛል፤ ጾሙን እንኳ አባ ኢግናት ፈትተውላቸዋል። ሐኪሙ መጥቶ ነበር፤ ስለ በጋ አሁን አያወራም።

ትናንት ጥፍራቸውን ስቆርጥ «ዋንጫ ከበሉ የአሸናፊ ቀለበት ይሰጡታል?» ብለው ጠየቁኝ። ይሰጡታል አልኳቸው። «ጣቱ ወፍራም ነው፤ አስቀድሞ ይንገራቸው» አሉ።

ቀጣዩን ትሸነፋላችሁ አይደል? ንገረኝ እንጂ። ሆኪ የምታውቀው አንተ ነህ።

ስቴፋ


ፖርት ሃርመን፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1973

ስቴፋዬ፣

አልተሸነፍንም። ሬዲዮ ሰምታችኋል መቼስ።

ትናንት ጥቁር መነጽር አድርጌ ከላይኛው ረድፍ፣ ማንም ከማያውቀኝ ቦታ ተቀመጥኩ። ወሳኙ ጨዋታ ነበር። ቡድኔ ላይ ጎል ሲገባ ደስ አለኝ። ከጎኔ ያሉት ሰዎች ራሳቸውን ይዘው ሲያዝኑ እኔ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በረኛችን አንዷን ሲያድን ሰደብኩት፤ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለትን ሰው። እዚህ ደርሻለሁ።

እኩል ለእኩል ሆነው ጭማሪ ሰዓት ገቡ። ማን እንዳገባ ታውቂያለሽ። ዓመቱን ሙሉ ጎል አግብቶ የማያውቀው ማርሴል። ከጨዋታው በኋላ እንደላበው ደረጃውን ሮጦ መጣና አንገቴን አቀፈኝ፤ «ላንተ ነው ያገባኋት፤ ለዓይንህ ነው» አለኝ። የሚያደርገውን አያውቅም። ምን ልበለው? አመሰገንኩት።

የዋንጫው ጨዋታ ሐሙስ ይጀምራል። እንደሚሸነፉ ሰው ሁሉ ይናገራል፤ ግን ያለፉትንም ጊዜ እንደዚያው ነበር የተባለው። ከዚህ በኋላ በግምት መኖር አልችልም። ና ካልሽኝ እመጣለሁ። ደብዳቤ አትጻፊ፤ ደውዪ። ፖሊና ብትሰማ ትስማ።

ዳንኮ


ዘሌና፣ ሜይ 9 ቀን 1973

ወንድሜ ዳንኮ፣

በደህና መግባትህን የገለጽክበት ቴሌግራም ደርሶኛል። የዓይንህ ኦፕሬሽን እንዳያምህ እጸልያለሁ። አባ ኢግናት ለታቶ የአርባ ቀን ጸሎት ከአሁኑ ቀን ይዘውልናል፤ ከቻልክ ትመጣለህ፤ ካልቻልክም እኔ አለሁ።

ባቡር ጣቢያ ላይ «እንዴት ሆነው አረፉ?» ብለህ የጠየቅኸኝን አልመለስኩልህም። ቤቱ በለቅሶ ሰው ተሞልቶ ሰንብቶ ነበር፤ ጣቢያው ላይ ደግሞ ኦሌክሳ አጠገባችን ቆሞ ነበር። አሁን ልመልስልህ።

የመጨረሻው ማታ ጨዋታ አልነበረም። እሳቸው ግን ሬዲዮውን ክፈቺው አሉኝና ትንሽ ሙዚቃ ሰሙ። ከዚያ «ዝጊው» አሉ። ዘጋሁት። «ዳንኮን ጥሪልኝ» አሉኝ።

አፌ ዝም ብሎ የለመደውን ተናገረ፤ «የዋንጫ ጨዋታ ላይ ነው እኮ ታቶ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ቢሆንም ጥሪልኝ።»

ስልኩን ሳነሳ ፖሊና ከእህቷ ጋር ስለ ፋሲካ ዳቦ ታወራ ነበር። «ፖሊና፣ እባክሽ ልቀቂልኝ፤ ዳንኮን ልጠራው ነው» አልኳት። ዘጋች። እኔና አንተ ስናወራም የአስማዋን ድምፅ አልሰማሁም፤ እስከ ዛሬም ስለ ዓይንህ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። በማግስቱ ዳቦ ይዛ መጥታ ወጥ ቤቴን አጠበችልኝ።

ተመልሼ «እየመጣ ነው» አልኳቸው።

«የዋንጫውስ ነገር?» አሉ።

ያኔ ነበር እውነቱን መናገር የነበረብኝ። «ትቶት ነው የሚመጣው» አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ የእማማን ጊዜ ያነሳሉ ብዬ ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላና «ጥሎት መጣልኝ?» አሉ። «ለእኔም? ለእናቱ እንዳደረገው?» አዎ አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። ንጋት ላይ ኦሌክሳ ሲመጣ መናገር እያቃታቸው ደጋግመው ነገሩት፤ «ልጄ የዋንጫውን ጨዋታ ጥሎ እየመጣልኝ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ማን አለው?» ኦሌክሳ «ማንም የለውም» አላቸው። አንድ ጊዜም ሳይቀልድ።

ረፋዱ ላይ አረፉ። አንተ ያን ጊዜ ዊኒፔግ ከተማ አውሮፕላን ትጠብቅ ነበር።

ይህን የጻፍኩልህ ደስ ብሏቸው እንደሄዱ እንድታውቅ ብዬ ነው። በሕይወታቸው ከሰሙት ሁሉ ትልቁ ደስታቸው ያ ነበር። እኔ በሱ ነው የምጽናናው፤ አንተም በሱ ተጽናና።

እህትህ ስቴፋ


ፖርት ሃርመን፣ ሜይ 20 ቀን 1973

ውድ እህቴ ስቴፋ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ብቻሽን በዚያ ቤት መሆንሽን ሳስብ ይጨንቀኛል። ኦፕሬሽኑ አልጠቀመም፤ እንደማይጠቅምም ተነግሮኝ ነበር፤ ስለዚህ አትዘኚ። ለአርባው እደርሳለሁ። ከዚያ ወዲህም ወደዚህ አልመለስም፤ ዕቃዬን ማርሴል ሸክፎልኛል። ዋንጫውን አልበሉም፤ በአራት ተከታታይ ጨዋታ ተሸነፉ። ይህን ስጽፍልሽ አልስቅም አላለቅስምም።

በቀብሩ ቀን ጠይቀሽኝ ነበር፤ የሰው ሁሉ ምስጋና ከበደህ ወይ ብለሽ። ከብዶኝ ነበር። ሁሉም እጄን እየጨበጠ ስለ ዘንድሮው ጨዋታዬ ነገረኝ፤ ዓይኔንም በመጨረሻው ጨዋታ የተመታሁ ነው የመሰላቸው። አንድ በአንድ አመሰገንኳቸው።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። አንቺን አልወቅስሽም፤ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ታቶ ደስ ብሏቸው መሄዳቸውን አምናለሁ፤ አንቺ አትዋሺኝም። መጽናናቱን ግን እምቢ አለኝ። «ጥሎት መጣልኝ» አሉ ብለሽ የጻፍሽውን ቦታ ማለፍ ያቅተኛል።

እናታችን ስትሞት ጥዬ የመጣሁት ነገር ነበረኝ። አሁን ምን ነበረኝ? የደወልሽ ማታ ጫማዬን አውልቄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የሚስስ ኬለርን ድመት ሳሻሽ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ማታም እንደዚያው፤ ከዚያም በፊት እንደዚያው። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ለሥራ የሚፈልገኝ ሰው አልነበረም። እሳቸው እኔን ሲጠብቁ፣ እኔ ደግሞ ጥሪያቸውን እጠብቅ ነበር። ስቴፋ፣ እኔ ምንም ጥዬ አልመጣሁም። ሥራ አልነበረኝም። ወደ ባቡር ጣቢያ የሚሄደው አውቶቡስ በየጠዋቱ በመስኮቴ ሥር ይቆም ነበር፤ ሰው ያሳፍርና ይሄዳል።

ወንድምሽ ዳንኮ